የደንበኛ መዝገባችን በማን እጅ ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በስልክ ስለሚካሄድ ንግድ ነው። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ በመዝገብ ላይ ያየሁትን ነው። ከሁሉ በፊት ግን የራሴን ስሕተት ልናገር።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አንዲት አባላችን 60 ሺህ ብር ብድር ጠየቁ። የሚሠሩት ባልትና ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ቆሎ። ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ትቼዋለሁ። የስድስት ወር ሽያጫቸውን አየሁ፤ በየወሩ ያድጋል። ወጪያቸው በደረሰኝ የተደገፈ ነው። ቴሌግራም ላይ ወደ አራት ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ነበራቸው። «የመክፈል አቅም አላቸው» ብዬ ፈረምሁ። አምስት አባላት ዋስ ሆኑላቸው። እሳቸውም በርበሬ ሳይወደድ ብለው በገንዘቡ ዛላ በርበሬ በኩንታል ገዙ።

የካቲት ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገራችን ተዘጉ። ጊዜውን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። እስከ ሐምሌ ድረስ፣ አምስት ወር ያህል እንደዚያው ቆዩ። በርግጥ ቪፒኤን ጭነው የሚጠቀሙ ነበሩ። ነገር ግን ቪፒኤን የሚጭኑት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ አምስት ኪሎ በርበሬና ሦስት ኪሎ ሽሮ የምታዘው እናት ከዚያ ውስጥ የለችበትም። የእኚህ አባላችን ሽያጭ በመጀመሪያው ወር ከግማሽ በታች ወረደ። በሁለተኛው ወር ክፍያቸው ተቋረጠና ከዋሶቹ ሁለቱ ከቁጠባቸው ከፈሉላቸው። ዋሶቹም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቃቸው እናቶች ነበሩ።

እሳቸው ቢሮ መጥተው የተናገሩትን አልረሳውም። «ልጄ፣ ደንበኞቼ አሉ፤ የት እንዳሉ ግን አላውቅም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቴሌግራም ላይ ቻናል የከፈተ ሰው ስንት ተከታይ እንዳለው ያያል፤ የተከታዮቹን ስልክ ቁጥር ግን አያይም። ሰውየው ራሱ ካልሰጠ በቀር ቁጥሩ የተደበቀ ነው። አራት ሺህ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ግን አንዱንም ስሙን ጠርተው ሊያገኙት አልቻሉም።

እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ሽያጩ ስንት እንደሆነ አየሁ እንጂ በየትኛው መንገድ እንደመጣ አልጠየቅሁም። በሒሳብ ትምህርት አንድ ነገር ሀብት የሚባለው በእጃችሁ ሆኖ የምታዝዙበት ሲሆን ነው። ወፍጮ ሀብት ነው፤ በመጋዘን ያለ በርበሬ ሀብት ነው። የተከታይ ቁጥር ግን በሀብት ዓምድ ውስጥ አይገባም። ያንን ቁጥር ሌላ ሰው ይዞታል፤ እኛ በእሱ በረንዳ ላይ የምንሸጥ ተከራዮች ነን፤ ያውም ያለ ኪራይ ውል። አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደምቁ ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

በረንዳው የሚዘጋው ደግሞ በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። እኔ በአራት ከፍዬ አየዋለሁ።

አንደኛው መቋረጥ ነው። ከላይ ያነሣሁት አንድ ምሳሌ ነው። ከዚያ በፊት ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ሁሉ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተዋል። ያን ቀን የዘጋቸው መንግሥት አልነበረም፤ የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች በጥገና ላይ ሳሉ የሠሩት ስሕተት ነው። ይህን ያህል ትልቅ ኩባንያ ራሱን በስሕተት ከዘጋ፣ እኛን የሚያስብበት ሰዓት አይኖረውም።

ሁለተኛው የደንብ ለውጥ ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ፌስቡክ ከዚያ በኋላ ለሰዎች በብዛት የሚያሳየው የወዳጅና የቤተሰብን ጽሑፍ እንደሆነ፣ የንግድ ገጾች ጽሑፍ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ገጹን ማንም አልዘጋውም፤ ተከታዮቹም ከቁጥራቸው አልጎደሉም። ብቻ የለጠፍነው ነገር ለብዙዎቹ አይደርስም። እንዲደርስ ማስታወቂያ መክፈል ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያው ደግሞ የሚተመነው በዶላር ነው። ዶላር በተወደደ ቁጥር በርበሬያችን ሳይወደድ የማስታወቂያው ዋጋ ይወደዳል ማለት ነው።

ሦስተኛው ገጹ በማን ስም ነው የሚለው ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ገጹን የከፈተልን የእህት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው፤ ያውም በራሱ ስልክ ቁጥርና በራሱ ኢሜይል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ነገር ግን ነገ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ስልኩን ይጥላል፤ ወይም እንቀያየማለን። አንዲት እህታችን የሦስት ዓመት የልብስ ስፌት ፎቶዋ፣ የደንበኞቿ መልእክትና ገጹ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ቀርቶባታል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የድሮው ቁጥሩ ስለጠፋበት እሱም ራሱ መግባት አልቻለም።

አራተኛው ሌባ ነው። «የደረሰሽን ኮድ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደርሷችሁ ያውቃል? ያ ኮድ የቤታችሁ ቁልፍ ነው። ከላካችሁት ሌላው ሰው በእናንተ ስም ገብቶ ከደንበኞቻችሁ ቀብድ ይሰበስባል። ገንዘቡን የበላው እሱ ነው፤ ስሙ የሚጠፋው ግን የእናንተ ነው።

ይህን ስል «ቴሌግራሙን ተዉት» ማለቴ አይደለም። እኚህ አባላችን ቻናሉን ሳይከፍቱ በፊት የሚሸጡት ለሠፈራቸው ሰው ብቻ ነበር። በቻናሉ ምክንያት በከተማው ማዶ ያሉ ሰዎች በርበሬያቸውን ቀምሰዋል። ሱቅ ለመከራየት አቅም ለሌላት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም ችግሩ የስልክ ብቻ አይደለም። እንጀራዋን ሁሉ ለአንድ ሆቴል የምታስረክብ እህትም ያው አደጋ አለባት፤ ሆቴሉ ባለቤት ሲቀይር ምጣዷ ይቀዘቅዛል። የምለው በሰው በረንዳ ላይ ሽጡ፣ የደንበኛውን መዝገብ ግን ቤታችሁ አኑሩ ነው።

እኚህን አባላችንን ያዳናቸውም ይኸው ነው። ዕቃ የሚያደርስላቸው የሞተር ልጅ በስልኩ ውስጥ የደወለላቸውን ደንበኞች ቁጥር ሳያጠፋ አስቀምጦ ነበር። ሁለት ምሽት አብረን ተቀምጠን የ63 ሰው ስልክ በደብተር ገለበጥን። በማግሥቱ እሳቸው መደወል ጀመሩ። ከሚያነሡት ብዙዎቹ «እርስዎን እኮ እየፈለግን ነበር» ይሏቸው ነበር። ማኅበሩ የብድሩን ጊዜ በሦስት ወር አራዘመላቸው፤ ለዋሶቹ ገንዘባቸውን መለሱ፤ ብድሩንም ጨረሱ። የሞተሩ ልጅ መልእክቱንና ቁጥሩን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ግን ምን ይደረግ እንደነበር አላውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና በሰላሙ ጊዜ እንታጠቅ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ልንሠራቸው የምንችላቸው አምስት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንድ፣ የደንበኛ ደብተር ያዙ። ስም፣ ስልክ፣ ሠፈር፣ ምን እንደገዛች፣ መጨረሻ የገዛችበት ቀን። ስልኳን ስትጠይቁ ለምን እንደሆነ ንገሯት፤ ለሌላ ሰውም አትስጡት። በወር አንድ ቀን ደብተሩን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ሁለተኛ ቅጂ አስቀምጡ።

ሁለት፣ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ለጥፉ። ጎረቤቷ ቀምሳ «ከየት ነው?» ስትል መልሱ ከረጢቱ ላይ ይገኝ።

ሦስት፣ ገጹ የተከፈተበት ቁጥርና ኢሜይል የራሳችሁ ይሁን። ልጁ ያግዛችሁ፤ ባለቤቷ ግን እናንተ ሁኑ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን የይለፍ ቃል እንዲያበራላችሁ ጠይቁት፤ ቃሉን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቆልፉበት። ኮድ ለማንም አትላኩ።

አራት፣ በሽያጭ መዝገባችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ። ደንበኛዋ በቴሌግራም ከመጣች «ቴ»፣ በስልክ ደውላ ከሆነ «ስ»፣ ሰው ነግሯት ወይም ሱቅ መጥታ ከሆነ «ሰ» በሉ። በወሩ መጨረሻ ደምሩ። ለምሳሌ ከ40 ሺህ ብር ሽያጭ 32 ሺው «ቴ» ከሆነ፣ ከመቶ ሰማንያው በአንድ በር ነው የገባው ማለት ነው። ያ በር ሲዘጋ የሚቀራችሁ 8 ሺህ ብር ነው። ኪራይና ዕዳ በእሱ ይሸፈናል ወይ? ይህን ራሳችሁን ጠይቁ።

አምስት፣ በብድር ገንዘብ ዕቃ ከማከማቸታችሁ በፊት የሁለት ወር ክፍያ የሚሆን ቁጠባ ለይታችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የብድር መጠየቂያ ቅጻችን ስለ ሽያጭ፣ ስለ ወጪና ስለ ዋስ ይጠይቃል። ሌላ ጥያቄ እንዲጨመርበት እለምናለሁ፤ እሱም «አብዛኛው ደንበኛዎ የሚመጣበት መንገድ ለሦስት ወር ቢዘጋ ብድሩን ከምን ይከፍላሉ?» የሚል ነው። ይህ ብድር ለመከልከያ አይደለም። መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ከአባሏ ጋር አብረን ቁጭ ብለን ደብተሩን እንጀምራለን፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ይሰጣል። ያን ጊዜ ይህን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ዋሶች ቁጠባቸውን ባልነኩ ነበር።

ሐሳቡን ዛሬ ተወያይታችሁበት ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ። ደብተር መጀመር የሚከብዳት አባል ካለች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ እገኛለሁ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።