ናኖ ኦሲሌተርና የቋንቋዎቻችን አናባቢዎች

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ጉባኤ ላይ፣ ሆሳዕና፣ በፊዚክስ ምሩቃን ስም የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ “ስለ ሙያህ ንገረን፤ ብቻ ሰው እንዳታስተኛ” ብለውኛል። ሙያዬ ፊዚክስ ነው። ከፊዚክስም የማግኔትን እንቅስቃሴ የሚያጠናው ክፍል። ከምሳ በፊት እንዲህ ያለ ርዕስ ማንሳት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መጨረሻው ወደ ሀዲይሳና ወደ ከምባቲሳ ስለሚመጣ ጥቂት ታገሡኝ።

ከምናውቀው ልጀምር። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርት አይታችኋል። በፍጥነት ሲሾር ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ እየደከመ ሲሄድ ጫፉ ክብ እየሠራ ይወዛወዛል። ማግኔትም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በማግኔት መስክ ውስጥ ያለን ጥቃቅን ማግኔት ጎንበስ አድርጋችሁ ብትለቁት፣ በቀጥታ ወደ መስኩ አይመለስም። በመስኩ ዙሪያ ይዞራል፤ እየዞረም ቀስ በቀስ ይበርዳል።

ይህ ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም። አሁን በያዛችሁት የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች በመሬት የማግኔት መስክ ዙሪያ በሰከንድ 1,500 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። በዚህ ዙረት የመሬትን መስክ የሚለካ ፕሮቶን ማግኔቶሜትር የሚባል መሣሪያም አለ። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት አካባቢ የተቋቋመ ነው። አዲስ አበባ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቦታው ተፈላጊ ነበር።

አሁን ከፕሮቶን ወደ ብረት እንሂድ። በብረት ውስጥ የሚዞረው የኤሌክትሮኖች ማግኔትነት ስለሆነ ፍጥነቱ እጅግ ይበልጣል፤ በሰከንድ በቢሊዮን ይቆጠራል። ይህ ደግሞ የሞባይልና የዋይፋይ ሞገድ የሚገኝበት ፍጥነት ነው። ችግሩ ምንድን ነው? ዙረቱ ይበርዳል። የተገፋ ዥዋዥዌ ካልደገሙት እንደሚቆም ሁሉ፣ የብረቱም ዙረት በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ ያበቃል። ይህን እንቅስቃሴ የሚገልጸውን እኩልታ ላንዳውና ሊፍሺትዝ እ.ኤ.አ. በ1935 ጻፉት፤ ስለ መብረዱ ያለውን ክፍል ደግሞ ጊልበርት በ1950ዎቹ አሻሻለው።

ዥዋዥዌውን ማን ይገፋዋል? እ.ኤ.አ. በ1996 ስሎንቸቭስኪና በርገር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ የኤሌክትሪክ ከረንት ራሱ ሊገፋው እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ሁለት ስስ የማግኔት ንጣፎች፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ስስ መለያ አድርጉ። አንደኛው ንጣፍ አቅጣጫውን አይለውጥም፤ ሁለተኛው ነጻ ነው። ከረንቱ በመጀመሪያው ሲያልፍ የኤሌክትሮኖቹ ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋል። ተሰልፈው ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ስፒናቸውን ያስረክቡታል፤ ይገፉታል። ግፊቱ ከመብረዱ ሲያንስ ምንም አይታይም። እኩል ሆኖ ሲያልፍ ግን ማግኔቱ መዞር ይጀምራል፤ ከረንቱ እስካለ ድረስም አይቆምም። በሌላ አነጋገር ከባትሪ የሚመጣው ቀጥተኛ ከረንት ወደ ማይክሮዌቭ ሞገድ ይለወጣል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 በሙከራ አሳዩ። መሣሪያው ስፒንትሮኒክ ናኖ ኦሲሌተር ይባላል። መጠኑን ለመገመት፣ 500 ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን 2,000 ብትደረድሩ አንድ ሚሊሜትር፣ ማለትም የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ያህል ነው የሚሆኑት።

እስካሁን ያልኩት ቀላሉን ነው። ዋናው ነገር የሚመጣው አሁን ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ስንማር ፔንዱለም ትንሽም ተወዛወዘ ጥቂት ጨምሮ፣ የመመላለሻ ጊዜው አይለወጥም ተብለናል። ይህ ኦሲሌተር ግን እንደዚያ አይደለም። የዙረቱ ስፋት ሲለወጥ ፍጥነቱም ይለወጣል። መስኩ ከንጣፉ ጋር ተኝቶ ከሆነ ስፋቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ መስኩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደግሞ ይጨምራል። ኢመስመራዊ የምንለው ይህን ጠባይ ነው።

ይህ ጠባይ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ፣ ከረንቱን ጥቂት በመለወጥ ብቻ ጣቢያ እንደሚቀይር ሬዲዮ ፍጥነቱን ማስተካከል ይቻላል። ጉዳቱ፣ ሙቀት ስፋቱን በነቀነቀ ቁጥር ፍጥነቱም አብሮ ይነቀነቃል፤ የሚወጣው ድምፅ ንጹሕ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ ተቀራርበው የተሠሩ ሁለት ኦሲሌተሮች ፍጥነታቸውን አስማምተው አብረው ሊዞሩ እንደሚችሉ አሳዩ። አብረው ሲዞሩም ድምፁ ይጠራል። ታዲያ እስካሁን በየስልካችን ውስጥ ለምን አልገባም? ኃይሉ ትንሽ ነው፤ ጥራቱም ገና ነው።

“ገና” አልኩ። እስቲ በዚች ቃል ላይ እንቆይ። ላልታ ስትነበብ “ጊዜው አልደረሰም” ማለት ናት። ጠብቃ ስትነበብ የልደት በዓል ናት። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለያቸው “ነ” ላይ የምንቆይበት ጊዜ ነው። በሀዲይሳና በከምባቲሳ ደግሞ ይህ የጊዜ ጉዳይ በአናባቢዎቹም ላይ አለ። አምስት አናባቢዎች አሉ፤ እያንዳንዱ አጭርና ረጅም አለው፤ አጭሩን በረጅሙ ብትተኩ ሌላ ቃል ልትሉ ትችላላችሁ።

ይህ ከኦሲሌተሩ ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በ2017 በፈረንሳይ የሚመራ አንድ ቡድን፣ ጠባዩ ለሬዲዮ እንከን ከሆነ ለሌላ ሥራ ቢውልስ ብሎ ጠየቀ። ሰዎች ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ሲቆጥሩ የተቀዳውን ድምፅ ወደ ከረንት ለውጠው ለአንድ ኦሲሌተር ሰጡት። ከረንቱ ሲለዋወጥ የዙረቱ ስፋት ወዲያው አይከተልም፤ ጥቂት ይዘገያል። መዘግየቱ ማለት ያለፈውን ለአጭር ጊዜ ያስታውሳል ማለት ነው። ኢመስመራዊነቱና ትውስታው አንድ ላይ ሆነው ቁጥሮቹን ለመለየት ረዱ፤ ውጤቱ እስከ 99.6 በመቶ ደረሰ። በዓመቱ ደግሞ አራት ኦሲሌተሮች ተገናኝተው በድምፅ የተነገሩ አናባቢዎችን እንዲለዩ ተደረገ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አናባቢን ከአናባቢ የሚለየው በዋናነት ፍሪኩዌንሲው ነው። አጭሩን ከረጅሙ የሚለየው ግን ጊዜ ነው። የእኛ ቋንቋዎች መሣሪያውን ሁለቱንም በአንድ ላይ ይጠይቁታል። የኦሲሌተሩ ትውስታ አጭርና ረጅም አናባቢን ለመለየት ይበቃል ወይ? ይህ በሀዲይሳና በከምባቲሳ ድምፅ ሊመለስ የሚችል እውነተኛ የፊዚክስ ጥያቄ ነው።

መሣሪያውን እዚህ መሥራት አንችልም። ልዩ ንጹሕ ክፍል፣ በኤሌክትሮን ጨረር የሚቀርጽ ማሽን ይፈልጋል። እኩልታው ግን የሁሉም ነው። ማግኔቱን እንደ አንድ ቀስት ቆጥሮ እኩልታውን መፍታት አንድ ተራ ላፕቶፕ ይችላል፤ በዝርዝር ለመሥራትም ኦኦኤምኤምኤፍና ሙማክስ የሚባሉ ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ። መብራት ሲጠፋ ስሌቱ እንዳይጠፋ በየመሀሉ ማስቀመጥ ነው፤ ይህንን ደግሞ እኛን ማንም አያስተምረንም! ድምፁስ? ድምፁ በእኛ እጅ ነው። ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ ብሎ በሆሳዕናም በዱራሜም የሚቆጥር ሰው የት ሄደን እንፈልጋለን?

ይህን የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀርቦ፣ “መምህር፣ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ና እያለኝ ነው። ይሄ ፊዚክስ የት ያደርሰኛል?” አለኝ። በዚህ አዳራሽ ይህን ጥያቄ ያልሰማ የሀዲያ ወይም የከምባታ መምህር ያለ አይመስለኝም። ፊዚክስ ሀብታም ያደርግሃል አላልኩትም፤ አያደርግማ። መሄዱንም አልኮነንኩም፤ ስንት ቤት በዚያ ገንዘብ እንደቆመ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛ ምርጫ ላሳየው ስል እጄ ላይ ምንም አልነበረም። እዚህ ተቀምጦ ሊሠራው የሚችለው፣ ዓለምም የሚያነበው አንድ ሥራ ይህ ነው ብዬ ልጠቁመው አልቻልኩም። ልጁ ሲወስን ሁለቱንም አይቶ ይወስን ነው የምለው።

ስለዚህ ከማኅበራችን ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ካለ ለፊዚክስ ትምህርት ክፍል ስጡ። አሮጌ ቢሆንም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ የቋንቋ ምሩቃን የሆናችሁ፣ አጭርና ረጅም አናባቢ የሚለዩዋቸውን ቃላት ዝርዝር አዘጋጁልን። ቀረጻውን ከገጠርም ከከተማም፣ ከአዛውንትም ከወጣትም እንሰበስባለን። የተናጋሪው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስሙ አይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ የምታማክሩ መምህራን፣ ይህን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስነት ስጡ። ስትሰጡ ግን አንድ ነገር አደራ፤ ተማሪው ኦሲሌተሩን አውጥቶም ውጤቱን ይለካ። ድምፁ አስቀድሞ ሲሰናዳ ብቻውን ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ የ2017ቱ ተመራማሪዎችም ይህን አወዳድረዋል። ልዩነት ካልተገኘ “ልዩነት የለም” ተብሎ ይጻፍ። ይህም ውጤት ነው። “ትውስታው አልበቃም” የሚል በጥንቃቄ የተሠራ ጽሑፍ፣ ከሌላ ተገልብጦ ከመጣ ባለ ብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል።

ከእናንተ መካከል ኢንጂነሮች፣ ነጋዴዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ውጭ አገር የምትኖሩም አላችሁ። ሁላችሁም ፊዚክስ ተመለሱ አልልም። ምሳ ላይ ግን መዝገቡን ይዤ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ላፕቶፕ ያለው ላፕቶፕ፣ ቃል ያለው ቃል፣ ድምፅ ብቻ ያለውም ድምፁን ያስመዝግብ።