የወላጅ ስለትና የልጅ ዝምታ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የቤተሰብ አማካሪ የባለጉዳዩን ምስጢር በአደባባይ አይገልጥም። ሆኖም ታሪኩን ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጎጃሜ አለ፤ እርሱም ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚገኘው፣ ኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በየቤቱ የተሰማው በዛብህ ነው።

የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሉ፣ በድንግልና ኖሮ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ስለቱን የወለደው ጭካኔ ሳይሆን ልጅን በሞት የማጣት ፍርሃት ነበር። ዳሩ ግን ተሳዮቹ ወላጆች ሲሆኑ ከፋዩ ልጁ ሆነ። በዲማም ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት የለም እያሉ የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች ሲመልሱ የጋብቻ ዕድሜዋ አለፈ። እንግዲህ በአንዱ ቤት ፍርሃት፣ በሌላው ቤት ኩራት ልጁን ሳይጠይቅ ወሰነ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትንና የተጋቢዎችን ነጻ ፈቃድ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ «ለአንተው ስንል ነው» የሚለውን ቃል የሚመረምር ሕግ የለም። ዛሬም «ሐኪም ትሆናለህ»፣ «ታናናሾችህን የምታስተምር አንተ ነህ» የሚሉ ስለቶች አሉ። እንዲህ ያለ ሸክም ያለበት ልጅ እንቢ ቢል ወላጆቹን የሚገድል፣ እሺ ቢል ራሱን የሚቀብር ይመስለዋል። ስለዚህ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣም የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱና ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ነው።

አማካሪው ወላጆችን ቢወቅስ ልጁ ለእነርሱ ተከላካይ ይሆናል። ልጁን ብቻ ታገሥ ቢለው ደግሞ ዝምታውን ያጸናበታል። የሚበጀው ሁለቱንም ወገን አስቀምጦ መጠየቅ ነው። ወላጅን፦ «ያን ጊዜ ምን ፈርተው ነበር?» ልጅንም፦ «ለአባትህና ለእናትህ መናገር የከበደህ ምንድን ነው?» ወላጅ ፍርሃቱን ሲናገር ልጁ ከትእዛዙ በስተጀርባ ያለውን ፍቅር ያያል፤ ልጁ ሲናገርም ወላጅ የስለቱን ዋጋ ይረዳል። ሁሉም ወላጅ እሺ አይልም። በዚያን ጊዜ የአማካሪው ተግባር፣ ልጁ ዝምድናውን ሳይቆርጥ፣ ክብርንም ሳያጓድል እንቢ ማለት እንዲችል መርዳት ነው።

አንዳንዶች ምክር ልጅን ከወላጅ ያጣላል ይላሉ። ነገር ግን የበዛብህን ቤት የጎዳው የልጁ ንግግር አልነበረም። እንግዲያውስ ባለሙያው ምክርም ሆነ መድኃኒት ከመስጠቱ አስቀድሞ፣ በዚያ ቤት ማን ስለ ማን እንደተሳለ ይጠይቅ።