የመርከብ ፍሬን የሚይዘው ምኑን ነው?



ወደ ጅቡቲ ወደብ የወረደ ሰው፤ ታላላቆቹን መርከቦች እየገፉና እየሳቡ ወደ ግንቡ የሚያስጠጉትን ጎታች ጀልባዎች ሳያይ አይመለስም። ጎታቹ ወደ ፊት ሲገሠግሥ ቆይቶ ድንገት ወደ ኋላ እንዲል ይታዘዛል። አደጋ የሚያደባው በዚህች ቅጽበት ነው።

ሞተሩ ከዘንጉ ቢላቀቅም፤ ነፋስ ወፍጮን እንደሚያዞር ሁሉ፤ የሚያልፈው ውሃ ፕሮፔለሩን ከነዘንጉ ማዞሩን አይተውም። በዚህ ጊዜ የኋላ ማርሽ ቢገባ፤ ፍሪሲዮኑ ሊቃጠል ወይም ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ሞተሩ የጠፋበት ጎታች ደግሞ በመርከቡና በግንቡ መካከል ከነሰዎቹ ሊጨፈለቅ ይችላል።

ስለዚህ በብዙ ጎታቾች ዘንግ ላይ ፍሬን ይተከላል። ይኸውም በታመቀ አየር ወይም በዘይት ግፊት ሸራውን በዘንጉ ከበሮ ወይም ዲስክ ላይ አጣብቆ ያቆመዋል፤ ከዚያም ማርሹ በደኅና ይገባል።

ነገር ግን ፍሬኑ የሚያቆመው ዘንጉን እንጂ መርከቡን አይደለም። መርከቡን የሚያቆመው ወደ ኋላ የሚዞረው ፕሮፔለር ነው፤ እርሱም ቦታ ይፈልጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለመቆሚያ እስከ 15 የመርከብ ርዝመት ይፈቅዳል፤ ለ300 ሜትር መርከብ 4,500 ሜትር ማለት ነው። እንግዲህ በባሕር ላይ ከፍሬን ሁሉ የሚቀድመው አርቆ ማየት ነው።