አጥር ከማጠራችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ

ባለፈው ትምህርታችን ቁጥር ማንበብን ተምረናል። ዛሬ ቁጥሩን ይዘን ወደ ግቢያችን እንገባለን። የምንነጋገረው ስለ አጥር፣ ስለ ግንብና ስለ በር ነው።

አጥር ከብት እንዳይገባ ይከለክላል። ሕፃን ወደ መንገድ እንዳይወጣ ይጠብቃል። ሌላም ሥራ አለው። «እስከዚህ የኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጎረቤቴ ነው» ብሎ ድንበር ያሳያል። ጠብ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ወረቀት ይዞ መጣ። «እትዬ፣ የፈረሰውን አጥር ላድስ ነው፤ እዚህ ላይ ጣትዎን ያኑሩልኝ» አላት። አኖረች። አጥሩ ታደሰ፤ ነገር ግን ወደ እኛ ግቢ 1 ሜትር ገብቶ ቆመ። የእናቴ ጌሾ ከአጥሩ ወዲያ ቀረ። እሷም «ለጌሾ ብዬ ከሰው አልጣላም» እያለች ዝም አለች። ከ3 ዓመት በኋላ እኔ አገር ቤት ገብቼ ወረቀቱን አነበብኩት። «1 ሜትር ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ» ይላል። ከሥሩ የእናቴ አሻራ አለ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠየቅን። «ጊዜው አልፏል» አለን።

ጊዜው አልፏል ማለት ምን ማለት ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ይመለከታል። ሰው ይዞታችሁን ቢወስድ ወይም ቢነካ፣ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «ሁከት ይወገድልኝ» ብላችሁ መክሰስ ትችላላችሁ። ክሱ ግን ይዞታው በተነካ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። ዝም ላለ ሰው ግን ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ አጥር ሲገፋባችሁ ቀኑን ጻፉ። ዱላ አታንሡ፤ ብዕር አንሡ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ያችን ቁራሽ መሬት ሽጥልኝና አጥሬን ላስተካክል» ይላል። ይህ አይሆንም። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም።

እንግዲህ አጥር ለማጠር ስታስቡ፣ ከእንጨቱና ከቆርቆሮው በፊት የይዞታ ማረጋገጫችሁን ከሣጥን አውጡ። የከተማ ሰው ካርታ ይለዋል፤ የገጠር ሰው ደብተር ይለዋል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ስማችሁ በትክክል ተጽፏል? ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ይላል? ከዚያ የመለኪያ ሜትር ይዛችሁ ወደ ግቢ ውጡ። ብቻችሁን አትለኩ። ጎረቤት የሜትሩን አንድ ጫፍ ይያዝ፣ እናንተ ሌላውን ያዙ። ሁለት ሽማግሌዎችም ይቁሙ።

ግማሽ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል አለ። እናስላው። ድንበሩ 20 ሜትር ይረዝማል እንበል። አጥሩ በግማሽ ሜትር ቢገፋ፣ ግማሽ ሲባዛ በ20፣ 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። 10 ካሬ ሜትር አንዲት ደኅና መኝታ ክፍል ናት! ጎረቤት ክፍል ሙሉ ቦታ ወስዶባችሁ ዝም ትላላችሁ?

የግንብ አጥር ለሚሠራ ደግሞ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። እሱም መሠረቱ ነው። መሠረት ከግንቡ ይሰፋል። ብሎኬቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ የድንጋይ መሠረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ መሠረቱ በዚህም በዚያም 15 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ግንቡን ልክ በድንበሩ መስመር ላይ ካቆማችሁት፣ ከመሬት በታች የጎረቤትን ቦታ ያዛችሁ ማለት ነው። ዛሬ ማንም አያየውም። ጎረቤት ለራሱ ቤት መሠረት ሲቆፍር ግን ያገኘዋል። ስለዚህ ግንቡን ወደ ራሳችሁ ግቢ ሳብ አድርጉት። ግንበኛው «ግድ የለም» ቢላችሁ አትስሙት፤ እሱ ነገ ሌላ ሰፈር ነው።

ቦታው ተዳፋት ከሆነ፣ በግንቡ ግርጌ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ተዉ። መውጫ ያጣ የክረምት ጎርፍ ግንቡን ገፍቶ ይጥላል። ከግንቡ ሥር የሚጫወት ልጅ ሊኖር ይችላል። ቅንጭብ የምትተክሉም ሰዎች ለልጆች ንገሩ፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳል።

በሩ ወደ ውስጥ ይከፈት። ወደ ውጭ የሚከፈት በር መንገደኛውን ይመታል። ቦዩን በአፈር ደፍናችሁ በር አታውጡ፤ ውኃው የታችኛው ጎረቤት ቤት ይገባል። በመንገድ ዳር፣ በተለይ ማዕዘን ላይ፣ ከፍ ያለ ግንብ የሾፌሩን ዓይን ይጋርዳል። በእንግሊዝ አገር ሕጉ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ተሽከርካሪ በሚሄድበት መንገድ አጠገብ የሚሠራ አጥር ከ1 ሜትር ከበለጠ፣ ሌላው ደግሞ ከ2 ሜትር ከበለጠ ፈቃድ ይጠየቅበታል። በእኛ አገር ልኩን የሚነግራችሁ በየከተማችሁ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ነው። በሌላ ከተማ የሰማችሁትን ይዛችሁ አትጀምሩ። ግንብ ከመገንባታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ፣ የሰጠው ሰው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።

ከጎረቤት ጋር ስትስማሙም ጻፉ። ቀኑን፣ የድንበሩን ርዝመት፣ አጥሩ የሚቆምበትን ቦታ፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል ጻፉ። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቅር። ከመፈረማችሁ በፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለሽማግሌዎቹ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ አትፈርሙ። አሁን ስማችሁን መጻፍ ስለምትችሉ፣ የጣት ቀለሙን ለጎረቤት መልሱለት።

ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ አለን። የግቢያችሁን በር ወርድ ለኩ። ቁጥሩን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች በዚያ በር ማለፍ ይችላሉ? መልሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ደኅና ሰንብቱ።