የአራተኛው ቀን አዋቂዎች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ኦዲት ማስረጃ አመዛዘን እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ርዕሱን ሳላቅማማ ተቀብዬ ነበር። አሁን የማወጋችሁ ግን በአመዛኙ ስለ ክሪኬት ይሆናል። ከአዳራሹ በስተኋላ የተቀመጡት ሲሳሳቁ ይሰማኛል፤ አልፈርድባቸውም። ክሪኬት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ነው። በዱላና በኳስ ረገድ እኛ የምናውቀው ገናን ነው፤ ገና ደግሞ በተጀመረበት ቀን ያልቃል። እኔ የምነግራችሁ ጨዋታ አምስት ቀን የሚፈጅ ነው።

በ1993 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ በፑኔ ከተማ፣ የንግድ ትምህርት እከታተል ነበር። የምንኖርበት የተማሪዎች ማደሪያ አንድ የጋራ ሳሎን፣ ሳሎኑም አንድ ቴሌቪዥን ነበረው። ከመጋቢት 2 እስከ 6 ቀን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከማርች 11 እስከ 15 ቀን 2001፣ ሕንድና አውስትራሊያ በኮልካታ ከተማ በኤደን ጋርደንስ ሜዳ ቴስት በሚባለው የአምስት ቀን ግጥሚያ ተገናኙ። እኔ ጨዋታውን ስለማላውቅ፣ ለመማር ስል፣ እንዲሁም ሒሳብ መዝጋቢ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ካደረብኝ ልማድ የተነሣ፣ ደብተር ይዤ ከጥግ ተቀመጥኩ። ማን ምን አለ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፤ ሁሉን ጻፍኩ። የዚያ ደብተር ጥቅም ምን እንደሆነ በዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ለነገሩ መረዳት የሚያስፈልገው ሕግ አንድ ብቻ ስለሆነ በአጭሩ ልግለጸው። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ይመታል። መቺው ኳሷን መትቶ በሁለቱ የችካል መደቦች መካከል እየሮጠ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም ሩጫ ይባላል። አሥር መቺዎች ከወጡ ዙሩ ያበቃል። በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ የመታው ቡድን በ200 ሩጫ ወይም ከዚያ በላይ ተበልጦ ከቀረ፣ የመሪው ቡድን አምበል ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ራሱ ሁለተኛ ዙሩን ይመታል፣ ወይም ተበላጩን «ወዲያውኑ ተመልሰህ ምታ» ይለዋል። ይህንን ፎሎው ኦን ይሉታል። የአምስቱ ቀን ክርክር ሁሉ የተነሣው ከዚህች ምርጫ ነው።

አውስትራሊያ በመጀመሪያው ዙር 445 ሩጫ አገኘች። ሃርብሃጃን ሲንግ የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት ኳስ አሿሪ በተከታታይ ኳሶች ሦስት መቺዎችን ሲያስወጣ ሳሎኑ ተናወጠ። በቴስት ግጥሚያ ይህንን ያደረገ ሕንዳዊ ከእርሱ በፊት አልነበረም። ሆኖም የአውስትራሊያው አምበል ስቲቭ ዋው 110 ሩጫ መትቶ ቡድኑን አቃና። ሕንድ በተራዋ በ171 ሩጫ ብቻ አለቀች፤ ልዩነቱ 274 ሆነ። ቀኑ ሦስተኛው ቀን ነበረ። ዋው ፎሎው ኦን አዘዘ።

እዚህ ላይ ደብተሬን ልግለጥ። በዚያን ሰዓት በሳሎኑ ውስጥ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩ። ስምንቱ «ሌላ ምን ያደርጋል?» አሉ። ከቼናይ የመጣው የስታትስቲክስ ተማሪ በተለይ ነገሩን እንደ ሒሳብ አስረዳኝ። አውስትራሊያ ከዚህ በፊት አሥራ ስድስት ቴስት በተከታታይ አሸንፋለች፤ አሥራ ስድስተኛውን ያሸነፈችው እዚሁ ሕንድ፣ በሙምባይ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። የአሁኑ የሕንድ ዙር ስድሳ ኦቨር እንኳ ስላልሞላ ወርዋሪዎቹ ብዙ አልደከሙም፤ ኦቨር ማለት ስድስት ኳስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ እስከዚያ ቀን ከ1,500 በላይ ቴስቶች ሲደረጉ ፎሎው ኦን ታዞበት መልሶ ያሸነፈ ቡድን የታየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1894 በሲድኒና በ1981 በሄዲንግሊ፣ ሁለቱንም እንግሊዝ። «ሁለቱንም ጊዜ የተሸነፈችው ማን እንደሆነች ታውቃለህ?» ብሎ ሣቀ። አውስትራሊያ ነበረች። ሣቁ ግን የቀልድ ነበር፤ ማንም እንደ ማስጠንቀቂያ አልወሰደውም፣ እኔም እንደ ቀልድ ነው የጻፍኩት።

ዘጠነኛው የኮልካታ ልጅ ነበር። እርሱ ብቻ፦ «እኔ ብሆን ራሴ እመታ ነበር። ይህ መሬት በአምስተኛው ቀን ይሰነጣጠቃል፤ ኳስ ይሾርበታል። በመጨረሻ የሚመታው ወዮለት» አለ። ማንም አልሰማውም። በጥበቃ የሚሠሩት ሽማግሌም ከደጃፉ ሆነው «ሕንድ ታሸንፋለች» ብለዋል፤ ይህም ተመዝግቧል። ነገር ግን ሽማግሌው በአንደኛውም፣ በሁለተኛውም ቀን፣ በሙምባዩም ግጥሚያ ጊዜ ያንኑ ብለው ስለነበር፣ እንደ ማስረጃ ለመቀበል ይቸግረኛል።

ሌላም ክርክር ነበረ። በመጀመሪያው ዙር ስድስተኛ ሆኖ መትቶ 59 ሩጫ ያገኘው ላክስማን አሁን ሦስተኛ ሆኖ እንዲገባ፣ ዘወትር ሦስተኛ የሚሆነው ድራቪድ ወደ ስድስተኛ እንዲወርድ ተደረገ። አምስቱ «እብደት ነው» አሉ፤ አራቱ ደገፉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ክሪኬት ወዳድ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአራተኛው ቀን ላክስማንና ድራቪድ ጠዋት ገብተው እስከ ማታ መቱ። ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው አልወጣም። ዘጠና ኦቨር ተወረወረ፣ 335 ሩጫ ተጨመረ። የዓለም ታላቅ አሿሪ የነበረው ሼን ዋርን ኳሷን ከላክስማን እግር ውጪ በተቦረቦረው መሬት ላይ እያሳረፈ ሲያሾርበት፣ ላክስማን ወደፊት እየተራመደ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይልካታል። አምበሉ በመጨረሻ እንደ ሃይደንና እንደ ላንገር ያሉትን፣ ሥራቸው መምታት እንጂ መወርወር ያልሆነውን ሰዎች ሳይቀር ኳስ አስያዛቸው።

በሳሎኑ ውስጥ ያ ቀን የስልት ትምህርት ቤት ነበር። አንዱ «ዋርንን አንሣው!» ይላል፤ ሌላው «ዋርንን ካነሣ ማንን ሊያመጣ ነው?» ይለዋል። ሻይ እየቀዘቀዘ፣ የእራት ደወል ተደውሎ ማንም ሳይነሣ፣ የሜዳው ተጫዋቾች አቋቋም በጠረጴዛ ላይ በስኳር እንክብል ይደረደራል። ገና ሲጫወቱ ጌታና ሎሌ እንደማይከባበሩ ሁሉ፣ የአንደኛ ዓመቱ ተማሪ የዶክትሬት ዕጩውን «አንተ ምንም አታውቅም» ይለው ነበር። በሕይወቴ ከተካፈልኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ሐሳብ በነጻ የተንሸራሸረበት ያ ይመስለኛል፤ የራሳችንንም ጉባኤ ጨምሬ።

ማታ ግን አንድ ነገር ሆነ። ጨዋታው ለዕለቱ ሲቆም ከዘጠኙ ስድስቱ «ዋው ፎሎው ኦን ማዘዙ ከመጀመሪያው ግልጽ ስሕተት ነበረ» አሉ። የቼናዩም ልጅ ከስድስቱ አንዱ ነው። ወርዋሪዎች እንደሚደክሙ ለማንም የታወቀ ነው አለ። እኔም፣ ክፋት ኖሮኝ ሳይሆን እውነት ግራ ገብቶኝ፣ የሦስተኛውን ቀን ገጽ ገልጬ አነበብኩ። ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ተቆጡ። አንዱ «እኔ እንዲህ አላልኩም» አለ። ሌላው ሂንዲ ስለማላውቅ አጥፍቼ ሰምቼ እንደሆነ ነገረኝ፤ የተናገረው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። የቼናዩ ልጅ ደብተሩን ተቀብሎ አየና፣ «እንዲህ ማለቴን አላስታውስም፤ ግን ቃሉ የእኔ ነው» አለ። ይህ ሰው አልዋሸም። የትናንቱን ሐሳቡን የዛሬው ዕውቀት ሸፍኖበት ነበር እንጂ።

በጣም ያስደነቀኝ ግን የኮልካታው ልጅ ነው። ትከሻውን ሲመቱትና ነቢይ ሲሉት እንዲህ አለ፦ «እኔ ያልኩት መሬቱ ይሰነጣጠቃል ነው። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ይመታል አላልኩም፤ ብትጠይቁኝም እስቅ ነበር። ትክክል የሆንኩት በሌላ በር ገብቼ ነው።» ይህንን ቃል በቀይ ቀለም አሰመርኩበት። የተቆጣጣሪነት ሙያ ከመጻሕፍት ይልቅ በዚህች ዓረፍተ ነገር የገባኝ ይመስለኛል።

አምስተኛው ቀን ጥቂት ይቀረዋል። ላክስማን 281፣ ድራቪድ 180 መትተው ወጡ፤ ሁለቱ አንድ ላይ 376 ሩጫ ጨምረዋል። ጠዋት ሳሎኑ በሙሉ በሕንዱ አምበል በጋንጉሊ ላይ ይጮህ ነበር፦ «ለምን ዙሩን አይዘጋም? ጊዜ እያለቀ ነው!» ጋንጉሊ በ657 ሩጫ በሰባት ሰው ዘጋ፤ አውስትራሊያ 384 እንድትመታ ተጠየቀች። እስከ ሻይ ዕረፍት ሦስት ሰው ብቻ ወጥቶባት ነበር። ከዚያ በኋላ በ166 እና በ174 መካከል አምስት ሰው ወደቀ፤ ሃርብሃጃን ስድስት፣ እንደ ወርዋሪ የማይቆጠረው ቴንዱልካር ሦስት ወሰዱ። አውስትራሊያ በ212 አለቀች፤ ሕንድ በ171 ሩጫ አሸነፈች። ሊወረወሩ የቀሩት ጥቂት ኦቨሮች ብቻ ነበሩ። ጋንጉሊ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ባለቀና፣ ያ የጠዋት ጩኸት ሁሉ ዛሬ ድረስ በተደጋገመ ነበር። ማታ ግን ማንም አላነሣውም። የተሳካለትን ውሳኔ የሚመረምር የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አምበሎች ፎሎው ኦን ለማዘዝ ሲያመነቱ ታይተዋል። ምክንያታቸው የወርዋሪዎች ድካም ነው፤ ይህም ተገቢ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከአንድ ግጥሚያ የተቀዳ ፍርሃትም እንዳለበት እጠረጥራለሁ። በፌብሩዋሪ 2023 ኒውዚላንድ በዌሊንግተን 226 ተበልጣ ተመልሳ ከመታች በኋላ እንግሊዝን በአንድ ሩጫ ስታሸንፍ ደግሞ «አላልኩም?» የሚለው ድምፅ እንደገና ተሰማ። የእኔን ፍርድ ብትጠይቁኝ፣ ዋው በሦስተኛው ቀን በእጁ በነበረው ማስረጃ የወሰነው ትክክል ነበር፤ ተሸነፈ እንጂ አልተሳሳተም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ሠራው ሥራ ግን ለመከራከር ዝግጁ ነኝ፤ ያ ሌላ ውሳኔ ነው፣ ሌላ ገጽ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 አጋማሽ የዓለም የብረት ዋጋ ሰማይ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደወደቀ ታስታውሳላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ዋጋው ጫፍ በደረሰበት ሰሞን ብዙ ፌሮ ብረት ገዛ። ሒሳቡን የመረመርኩት እኔ ነበርኩ፤ የመረመርኩትም ዋጋው ከወደቀ በኋላ ነው። በሪፖርቴ ላይ የግዥው ኃላፊ «ገበያውን ሳያጠኑ፣ በችኮላ» እንደገዙ ጻፍኩ። ቃሉ የእኔ ነው፤ ማንም አላስጻፈኝም። ኃላፊው ከቦታቸው ተነሡ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ለሌላ ጉዳይ ያንኑ ፋይል ሳገላብጥ፣ በሌላ አቃፊ ተቀምጦ ያላየሁት ቃለ ጉባኤ አገኘሁ። ዋጋው በየሳምንቱ እየጨመረ መሆኑን፣ የሕንፃው ሥራ በብረት እጥረት መቆሙን፣ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ መነጻጸሩን ይናገራል። ኃላፊው ያጠኑት ገበያ ያን ቀን የነበረውን ገበያ ነው። እኔ የፈለግሁባቸው ከአራት ወር በኋላ የሚመጣውን ነበር። የፑኔው ደብተር በዚያን ጊዜ ሁሉ በቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበረ።

ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍኩ። ሪፖርቱ በቦርድ ጸድቆ የተዘጋ ስለሆነ እንደገና ሊታይ እንደማይችል ተመለሰልኝ። ኃላፊውን አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። ልናገር ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እንዴት ነህ ልጄ፣ ሥራ እንዴት ይዞሃል?» አሉኝ። ሰው በዛ፤ ሳልናገር ተነሣሁ። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተዋል፤ ደብዳቤዬንና የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ በሰው ልኬላቸዋለሁ። መልስ አልመጣም፤ እንዲመጣም የመጠበቅ መብት የለኝም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለ ማንኛውም ሰው ውሳኔ ግኝት ከመጻፌ በፊት በሥራ ወረቀቴ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ እጨምራለሁ። በገጹ ላይ ውሳኔው የተሰጠበት ቀን ይጻፋል፤ ከዚያም እስከዚያ ቀን ድረስ በጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሰነዶች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው ከነቀናቸው ይዘረዘራሉ። አድካሚ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ያጉረመርማሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ጽፌ የጨረስኩትን ግኝት እንድሰርዝ ያስገድደኛል። አንድ የቦርድ ሰብሳቢ «ለተመርማሪው ጠበቃ ቆምክለት እንዴ?» ብለውኛል።

ጥያቄ ያላችሁ በዕረፍቱ ሰዓት ልታገኙኝ ትችላላችሁ። ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ፤ ከመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሦስተኛው ቀን ገጽ ጥጉ ተቀዷል። ያን ማታ ከዘጠኙ አንዱ ነው የቀደደው፤ ማን እንደሆነ አልጻፍኩም።