ባቡር ማለት ምን ማለት ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባቡርን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ነገር ግን ትርጓሜውን ስጡ ብንባል ሁላችንም እንቸገራለን።

ቃሉ «እንፋሎት» ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ፥ በዐረብኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ የደረሰ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው የእንፋሎት መኪና ያለ ሐዲድ ቢሄድም «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በላዩ የሚሄደውም ባቡር ነው። በገጠር በብዙ ስፍራ የሞተር ወፍጮ፥ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፥ ባቡር ይባላል። በ2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ኮልፌ ቀራንዮ ደጃፍ፥ እስከ ጦር ኃይሎች፥ ሥራ የጀመረው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ እርሱም ባቡር ነው።

እንግዲህ የአራቱ የጋራ ምልክት ምንድር ነው? ሐዲድ እንዳንል የሰርኪስ ሐዲድ የለውም። እንፋሎት እንዳንል የጦር ኃይሎቹ እንፋሎት የለውም። መሄድ እንዳንል ወፍጮው አይሄድም። ሞተር ብንልም አውቶቡስ ሞተር አለው፤ ባቡር ግን አንለውም።

ሕዝቡ ስሙን ያወጣው በትርጓሜ ሳይሆን በማመሳሰል ነው። ወፍጮው እንደ ባቡር ጮኸ፥ አጨሰም፤ ስሙን ወረሰ። ፈላስፋው ቪትገንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1953 በታተመው መጽሐፉ ይህንን ከቤተ ሰብ መልክ ጋር ያነጻጽረዋል፤ አንዱ ወንድም በዓይኑ፥ ሌላው በአረማመዱ ይመሳሰላል እንጂ ሁሉን የሚያስተሳስር አንድ ምልክት አይገኝም።

ማመሳሰል ግን ያሳስታል። የሌሊት ወፍ ክንፍ ስላላት ወፍ አልናት፤ እርስዋ ግን ልጅዋን ጡት ታጠባለች። ስለዚህ ትርጓሜ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ከምሳሌ በኋላ ነው ማለቴ ነው።

እኛ ተማሪዎች ትርጓሜውን በባዕድ ቋንቋ ሸምድደን ፈተናውን እናልፋለን፤ ነገሩን በመንገድ ስናገኘው ግን አናውቀውም። መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው፤ አስቀድማችሁ የምናውቀውን ምሳሌ ስጡን፤ ቀጥሎ የሚመስለውን፤ ከዚያም በድንበር ላይ ቆሞ የሚያከራክረውን፤ በመጨረሻ ትርጓሜውን። ያን ጊዜ ትርጓሜው የክርክራችን ፍሬ ይሆናል፤ አንረሳውምም።