ገዢ እስካለ ነጣቂ አይጠፋም
(በማኅበራችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሆለታ አቅራቢያ «እንሰሳ ኮቴ» የሚባል የአራዊት መጠለያ አለ። ስፋቱ 77 ሄክታር ሲሆን ያቋቋመው ቦርን ፍሪ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ዶሎ የተባለው አንበሳ ከጠረፍ ከተማ ወደዚያ ሲመጣ አጭር ሰንሰለት ጎፈሩን ፈግፍጎ ጨርሶት ነበር። የአቦ ሸማኔ ግልገሎችም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሊሸጡ ከእናታቸው ይነጠቃሉ።

«ለምን ወደ ዱር አይለቀቁም?» እንል ይሆናል። ግልገል አደንን የሚማረው ከእናቱ ነው፤ ሰው የለመደ አውሬም ከመንደር አይርቅም። ስለዚህ መጠለያው ነፍስን ያድናል እንጂ የጠፋውን ዱር አይመልስም።

የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች በ2009 ዓ.ም. አውሬን በግል ቤት ማኖርን በሕግ ከለከለች። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አይበቃም። እኛም አውሬን ለጌጥ የሚሻ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢኖረን እንምከረው፤ ዝም ማለት መተባበር ነውና።